ከምክትል ወንበር ወደ መስመሩ

ጡረታ ከወጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። ኮሌጁ ሽኝት አደረገልኝ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ልጆቹ ከበውኝ ፎቶ ተነሡ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤና ገብቼ በጤና ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ሜሮን ቂርቆስ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ሜሮን ላለፉት ዓመታት ምክትሌ ነበረች፤ የሴቶቹን ቡድን የተከላካይ መስመር የምትሠራው እሷ ናት። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ አንድ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሁኚልን ብሏታል። የእኔን ቦታ ኮሌጁ ለሌላ ሰው ሰጥቷል፤ እሷ ባለችበት እንድትቀጥል ነው የፈለጉት።

«ኮች፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ። «ልሂድ ወይስ ልቅር? በቃ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

ያስፈራችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ለመመለስ አልቸኮልኩም፤ ስትሄድም የሚረባ ነገር አልነገርኳትም። በአፌ ያልወጣልኝን በብዕር ልሞክረው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው፤ ለእሷም፣ በሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ለሚያዩ ሁሉ።

የተወለድኩት ላስታ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት የስፖርት ትምህርት ልማር ነው፤ ስጨርስ ካዛንቺስ ያለው ኮሌጅ መምህርና የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቅጥሩ ቋሚ መሆኑ ነበር። እናቴ ኳስ ማለት ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ሊገባትም አልፈለገችም። ለጎረቤት «ልጄ አስተማሪ ናት» ትላለች። በስልክ ስታገኘኝ ግን ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ሥራው ቋሚ ነው አይደል?» ቋሚ ነው እማዬ። «ተመስገን» ትልና ሌላ ወሬ ትጀምራለች።

ቤት የተከራየሁት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ጠዋት ኪዳን አድርሼ በእግሬ ወደ ካዛንቺስ እወጣለሁ። ሜዳችን ከኮሌጁ ጀርባ ያለ የአፈር ሜዳ ነበር። ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄዶ አሁን ሰፊ መንገድና የብስክሌት መስመር ሆኗል። በዚያ ሳልፍ የት ጋ በረኛዋ ትቆም እንደነበር አሁንም በልቤ እለካለሁ።

ዋና አሰልጣኙ ጋሽ ደምሰው ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው። ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ሜዳውን ዳር እስከ ዳር በቀጭን ጫማ ይዞሩታል። እግራቸው ድንጋይ ሲነካ ጎንበስ ብለው ያነሡና ኪሳቸው ይከቱታል። ልምምድ ሲጀመር የኮታቸው ሁለት ኪስ በጠጠር ተወጥሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ሰውዬው ደኅና አይደሉም ብዬ ነበር። በኋላ ነው ያ ዙር ለጠጠር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ሲዞሩ የትኛው ጥግ ረጥቧል፣ ኳስ የት ይሞታል፣ የት ይነጥራል የሚለውን በእግራቸው እያነበቡ ነው። ከጨዋታ በፊት ለቀኝ ተከላካይዋ «እዚያ ጋ አትዙሪ፣ ያንሸራትታል» ሲሏት ነቢይ ነበር የሚመስሏት።

ተከላካይ መሥራት ያስተማሩኝ በገመድ ነው። ከቄራ፣ ከብት ከሚያስሩበት ጠንካራ ገመድ ገዝተው ያመጡና አራቱን ተከላካዮች ወገብ ለወገብ ያስሯቸዋል፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ የሚያህል ላላ ያለ ገመድ ይተዋሉ። ኳስ የለም። እርሳቸው በእጃቸው ወደ ቀኝ ሲጠቁሙ አራቱም ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ሲሉ አራቱም ወደ ኋላ። አንዷ ከዘገየች ገመዱ ሦስቱን ይጎትታቸዋል። አንድ ቀን አንዷ ልጅ፣ «ጋሽ ደምሰው፣ እኛ በሬ ነን እንዴ?» አለቻቸው።

«በሬማ ብትሆኑ በታደልኩ» አሏት። «በሬ ጓደኛውን ሳያይ አይራመድም።»

ገመዱ ከወለቀ በኋላ ነው ውበቱ። ልጆቹ ሳያውቁት አንዷ ስትንቀሳቀስ ሌላዋ ትንቀሳቀሳለች፤ መስመሩ የታሰረ ይመስል አይበጠስም። ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ወደድኩት። ሰው የሚችለውን ነገር ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ ይል ነበር፤ ጋሽ ደምሰው ምን እንደሚወዱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የትኛዋን ተጫዋች እንደሚያስበልጡ፣ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆኑ፣ ምንም። የኮሌጁ ካፌ ልጅ ሻይ ነው ማኪያቶ ስትላቸው «ያለውን» ይላሉ። ልጆቹ እስከ መወራረድ ደርሰው ነበር። ይጹሙ አይጹሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ አይሳሙ አይታወቅም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ያሳስበኛል። በጸሎቴ አስባቸው ነበር። አንዴ እንደምንም ደፍሬ፣ «ጋሽ ደምሰው፣ የንስሐ አባት አለዎት?» አልኳቸው። ሜዳውን አዩና «ልጆቹ አሟሙቀዋል?» አሉኝ። በዚሁ አለቀ።

ምክትል መሆን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ምክትል ከልጆቹ ጋር ነው። ሆዷን ያመማት፣ ከቤተሰቧ የተጣላች፣ ታኬታዋ የተቀደደባት ወደ እኔ ነው የምትመጣው። እኔ ለጋሽ ደምሰው እነግራለሁ፤ እርሳቸው ይወስናሉ። ስናሸንፍ የተከላካዩ መስመር ተመሰገነ እባላለሁ። ስንሸነፍ ማንም ስሜን አይጠራም። ደስ የሚል ኑሮ ነው። አታላይነቱም እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ሥራውን ሁሉ እንደሚያውቀው ይመስለዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው አቶ ወርቁ የመጡት። ቄራ አካባቢ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ከሰፈር ቡድን ተነሥቶ ያደገ የሴቶች ክለብ ሊቀ መንበር ናቸው። ጨዋታችንን ሲያዩ ቆይተው ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወደ እኔ መጡና ዋና አሰልጣኝ እንድሆን ጠየቁኝ። በኮንትራት። የኮሌጁን ሥራ መልቀቅ ነበረብኝ።

ብዙ ቀን አሰብኩበት። ለእናቴ መንገር ፈራሁ። የንስሐ አባቴ «ጸልዪበት፣ ልብሽ ወደሚያርፍበት ሂጂ» አሉኝ፤ ልቤ ደግሞ የሚያርፍ ልብ አልነበረም። በመጨረሻ ጋሽ ደምሰውን ጠየቅኳቸው።

«ሂጂም፣ አትሂጂም አልልሽም፣ የሺ» አሉኝ። «ምክትል ሲሳሳት ዋናው ይሸፍነዋል። እኔ ስሸፍንሽ ኖሬያለሁ፤ ብዙውን አታውቂውም። አሁን አንቺን ማን ይሸፍንሻል? እሱን አስቢበት።»

«እግዚአብሔር» አልኳቸው።

«እሱማ ሁላችንንም። እኔ የምልሽ ሜዳው ላይ።»

ነገሩ ምክር ሳይሆን መከልከል መሰለኝ። ትንሽም ቅር አለኝ። መልቀቂያዬን አስገብቼ ወደ ቄራ ወረድኩ።

ጅምሩ ያማረ ነበር። የቄራ ልጆች ጠንካሮች ናቸው፤ ሥራ የሚያውቅ ጉልበት አላቸው። ገመድ ገዝቼ አሰርኳቸው፤ ቶሎ ገባቸው። አምበሏ ትዕግሥት የመሐል ተከላካይ ነበረች፤ እንደ እሷ ያለ ጨዋታ አስቀድሞ የሚያይ ዓይን ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም። አንድ ነገር ግን ተለወጠ፤ እኔ አላስተዋልኩትም። ስመጣ ልጆቹ ይቆማሉ፣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ካላናገርኳቸው አያናግሩኝም። የተሰጠኝ ምክትል የአቶ ወርቁ ዘመድ ነበር፤ በረኛ በማሠልጠን የተካነ ጨዋ ሰው፤ ልጆቹ ግን ጉዳያቸውን አይነግሩትም። እኔ ዝምታቸውን ሥነ ሥርዓት ነው ብዬ ተደሰትኩበት።

ጾመ ነነዌ ገባ። ዋዜማው እሑድ ከልምምድ በኋላ አንዷ «ኮች፣ እርስዎ ነነዌን ይጾማሉ?» አለችኝ። ልጆች ናቸው፣ ወሬ ነው ብዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሦስቱን ቀን ሳልጾም ቀርቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ቄራም ስለሆንን ቀልድ ጨመርኩበት፤ «የነነዌ ሰዎች እንኳን ራሳቸው፣ ከብቶቻቸውም ጾመዋል» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ ጨዋታ ነበረን፤ ከመውረድ አደጋ የምንወጣበት ወይም የምንሰምጥበት ጨዋታ። ጠዋት ልጆቹ እንዲበሉ የጾም ምግብ፣ ሩዝና ድንች አሠራሁላቸው። ምግቡ ሲቀርብ እኔ የተሰላፊዎችን ስም ለዳኞች ለማስገባት ሄድኩ። ምክትል ሳለሁ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ አብሬ የምበላው እኔ ነበርኩ፤ የማን ሳህን እንዳልተነካ አይቼ ለጋሽ ደምሰው የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ያንን ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ለምክትሌም አደራ አላልኩትም።

እስከ እረፍት በጣም ጥሩ ተጫወትን። ከእረፍት በኋላ ትዕግሥት ማንም ሳይነካት ወደቀች። ተነሣች፣ ደግማ ወደቀች። ቀጥሎ የግራ ተከላካይዋን እግሯን ያዛት። በገመድ የሠራሁት መስመር ዓይኔ እያየ ተበጣጠሰ። ሦስት ጎል ገባብን።

መልበሻ ክፍል ስገባ ትዕግሥት መሬት ላይ ተጋድማ እግሯን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰቅላዋለች። ዛሬ ምን በላሽ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ትናንትስ? ደግማ ነቀነቀች። ውሃ ራሱ አልቀመሰችም ነበር።

«ማን ጹሙ አላችሁ?» አልኩ፤ ድምፄ መንቀጥቀጡን አስታውሳለሁ።

ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝ። ተንኮል የለባትም፤ የምር ገርሟት ነው። «ኮች፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ከብቶቹም ጾመዋል ያሉን? የሚጾሙትን ነው የሚያሰልፉት ብለን ነው።»

ከመካከላቸው አንዷ ሙስሊም ነበረች። እሷም አልበላችም።

ከዚያ ውጤት በኋላ ብዙም አልቆየሁም። አቶ ወርቁ እንደ ጨዋ ሰው ቤቴ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። ልጆቹ እንደሚወዱኝ፣ እርሳቸውም እንደሚያከብሩኝ፣ ደጋፊው ግን እንዳስቸገራቸው። አልተከራከርኩም። የኮሌጁ ቦታዬ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ቂርቆስ አጠገብ ባለ የሕፃናት ትምህርት ቤት ስፖርት ማስተማር ጀመርኩ፤ ለእናቴ «አሁንም አስተማሪ ነኝ» አልኳት፣ ይህም ውሸት አልነበረም።

የጋሽ ደምሰው ነገር የገባኝ በዚያ ጊዜ ነው። ምክትል ሲናገር ወሬ ነው። ያው ሰው፣ ያንኑ ቃል፣ ዋና ሆኖ ሲናገር ደንብ ይሆናል። ማኪያቶ እወዳለሁ ቢሉ ካፌው በማኪያቶ ይሞላል፤ እገሊትን አደንቃለሁ ቢሉ የቀሩት አሥሩ ልባቸው ይሞታል። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት አፋቸውን ጠበቁ። እኔ ለነፍሳቸው ስጸልይ እርሳቸው ለልጆቹ ይጾሙ ነበር፤ ከቃል። ወደ ዋናነት የሚሄድ ሰው ቋሚ ሥራውን፣ ስሙን፣ ደመወዙን ስለማጣት ያስባል። እነዚያ ቢጠፉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ይመለሳሉ። ማንም አስቀድሞ የማይነግረው አደጋ ግን ይህ ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ለአንተ እውነቱን መንገር ያቆማል፣ አንተ የምትለውን ሁሉ ደግሞ ማመን ይጀምራል።

ከዓመት በኋላ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ጋሽ ደምሰውን ከቂርቆስ ቅጥር ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ከውስጥ ወጥተው ይሁን ከመንገድ መጥተው አላወቅኩም። ጉልበታቸው እንዳስቸገራቸው፣ አንድ ዓመት እንደቀራቸው፣ ኮሌጁም ተተኪ ስጡን እንዳላቸው ነገሩኝ።

«አንቺን ብያቸዋለሁ» አሉ።

አይሆንም አልኩ። አንዴ ሞክሬው ያደረግሁትን አይተዋል፣ ልጆች በረሃብ አውድቄያለሁ። ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ አዳመጡኝ። በመጨረሻ፣ ያኔ እርስዎ የጠየቁኝን ልጠይቅዎት አልኳቸው፤ «እኔን ማን ይሸፍነኛል?»

«እኔ» አሉ። «የቀረችኝን ዓመት ምክትልሽ እሆናለሁ።»

ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

ኮሌጁ ውስጥ ጉድ ተባለ። ዲኑ ጋሽ ደምሰውን ጠርተው ለማግባባት ሞከሩ፤ አንዳንዱ ሰውዬውን አዋረደቻቸው ብሎ አማኝ። እርሳቸው ግን ልምምድ ላይ ከእኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማሉ፣ ኮኖቹን ይደረድራሉ፣ ገመዱን ያስራሉ። በልጆቹ ፊት «ኮች» ይሉኛል፤ አንቱ እያሉ። መጀመሪያ ላይ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እመኝ ነበር።

ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ደምሰው ምክትል በሆኑ በሳምንቱ አፋቸው ተፈታ። ማኪያቶ ያለ ስኳር እንደሚወዱ ልጆቹ አወቁ። በልጅነታቸው በረኛ እንደነበሩና አንድ ጨዋታ ላይ በእግራቸው መካከል ጎል ገብቶባቸው ሰፈር ለመቀየር እንዳሰቡ አወሩላቸው። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው ይስቃሉ፤ ሲስቁም ጉዳያቸውን ይነግሯቸዋል። ማታ ማታ ወደ እኔ ያመጡታል፤ እገሊት ሆዷን አሟታል፣ የእገሊት ቤተሰቦች ቤታቸው ፈርሶ ሩቅ ስለተዛወሩ ልጅቷ ሳትበላ ነው የምትመጣው፣ ቁርስ እናዘጋጅላት። ያ ሁሉ ዝምታ የሰውየው እንዳልነበር ያኔ አየሁ። የቆሙበት ቦታ ዝምታ ነበር፤ አሁን ወደ እኔ መጥቷል። ጾሜን ከዚያ ወዲህ በሆዴ ያዝኩት።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደረስን። አንድ ለዜሮ እየመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃርቧል። የመሐል ተከላካያችን ሂሩት የቡድኑ አምበልና ምሰሶ ናት፤ ግን ቢጫ ካርድ አይታለች፣ የተጋጣሚያችን አጥቂ ደግሞ እየተሳደበች እልክ አስገብታታለች። ሂሩት ሁለት ጊዜ እግሯን ሰንዝራ ለጥቂት ሳተቻት። በአሥር ሰው ከቀረን አለቀልን። ባስወጣት ደግሞ ተቀያሪዋ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ዞር ብዬ ጋሽ ደምሰውን አየኋቸው።

ዓይኔን አላዩኝም። «ኮች» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሜዳው በዚያ ነው ያለው።»

ሂሩትን አስወጣኋት። የአምበልነት ጨርቋን መሬት ላይ ጥላ በአጠገቤ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ አጥቂዋ ተቀያሪዋን በፍጥነት አለፈቻትና አገባች። በመለያ ምት ተሸነፍን።

ልጆቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ዲኑ ከተመልካች መካከል ወርደው መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ቀጥታ ወደ ጋሽ ደምሰው ነው የሄዱት። ምን ነክቶዎት ነው ሂሩትን ያስወጧት አሏቸው፤ ፊታቸው ደም መስሏል።

ጋሽ ደምሰው ጎንበስ ብለው የኳሱን ከረጢት አነሡ።

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት» አልኩ።

ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ። ያላሉኝ የለም፤ ዋንጫው እጃችን ገብቶ ነበር፣ ሕፃን ልጅ አስገብተሽ አስበላሽን፣ ቄራ ያደረግሽውን እዚህ ደገምሽው። ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ቀይ ካርድ ልታይ ነበር አልኩ። ብታይስ፣ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣ ነበር አሉ። የሚመጣውን አላውቅም፣ ያየሁትን ነው ያደረግሁት፣ ነገም ይህንኑ ባይ አስወጣታለሁ አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ራሴ ገረመኝ።

ተናግረው ሲበቃቸው ሄዱ። ያኔ ነው ከኋላዬ ቆመው ይሆናል ብዬ ጋሽ ደምሰውን ለማየት የዞርኩት። አልነበሩም። ሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን እያጠፉ፣ የተበተኑትን ኳሶች አንድ በአንድ እያነሡ ከረጢት ውስጥ ይከቱ ነበር፤ ከጨዋታ በኋላ የምክትል ሥራ እሱ ነውና።